ከምሰሶው ጀርባ ያለው ወንበር

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። በሩ ሥር የቆማችሁትም ግቡ፤ ወሬ በቁም አይጥምም። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያ ስለ ቲያትር ቤታችን ነው።

ቤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከፊት ሦስት ቅስት በሮች አሉት፤ መካከለኛው ሰፊ፣ ግራና ቀኙ ጠበብ ያሉ፣ ልክ አባት ሁለት ልጆቹን አቅፎ የቆመ ይመስላል። ገባ ስትሉ ቲኬት የሚቆረጥባት መስኮት አለች፤ ዝቅ ብላ ስለተሠራች የሀገሩ ሹምም ቢሆን ጎንበስ ሳይል አይገዛም። ከዚያ አዳራሹ ነው። ወለሉ ወደ መድረኩ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ልጆች ሆነን ብይ ከኋላ ስንለቅ ተንከባልላ መድረኩ ሥር ሄዳ ትቆም ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ተዋንያኑ ባሉበት ቀጥ ብለው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃሉ፤ ሕዝቡም እስከዚያው ሰው ያማል። ከኋላ ከበላያችሁ ደግሞ የእንጨቱ ሰገነት አለ፤ ፊቱ ላይ ሐረግ ተፈልፍሎበታል። ሰው ሁሉ እንደገባ አንገቱን አቅንቶ የሚያየው እሱን ነው። ያን ሰገነት በቀኝ በኩል አንድ ምሰሶ ደግፎታል። በግራ በኩል ግን ምንም የለም።

ለምን በአንድ ጎን ብቻ? አናጢው ጣውላ አልቆበት ነው የሚሉ አሉ። ሰክሮ ነው የሚሉም አሉ። አናጢው አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ጣውላም አላለቀበትም። ግድግዳውን የገነባው ደግሞ አባቴ ነው። ነገሩ ያለው በነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ቤቱን ያሠራችው ባለወፍጮዋ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ወፍጮውን ብቻዋን የምታስተዳድር፣ ስትናገር ከወፍጮው ድምፅ በላይ የምትሰማ ሴት። አንድ ጊዜ ከሀገር ሀገር የሚዞሩ ተዋንያን መጥተው ማረፊያ ቢያጡ በእህል መጋዘኗ፣ በጆንያዎቹ መካከል እንዲጫወቱ ፈቀደችላቸው። ጀግናው ተወግቶ ወደቀ፤ ሰው ሁሉ እንባው ሊመጣ ሲል፣ ሟቹ ዱቄት አፍንጫው ገብቶ አስነጠሰ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ባለወፍጮዋም ሳቀች። በማግስቱ ግን ከፋት፤ "ሰው በክብር የሚሞትበት ቤት እሠራለሁ" አለች አሉ። ግንበኛ ሲባል አባቴ ተጠራ፤ አናጢ ሲባል አጎቴ።

አባቴን ከተማው "ቱምቢ" ነበር የሚለው። ቱምቢ ታውቃላችሁ አይደል፣ ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የሚያይበት በገመድ የሚንጠለጠል ብረት። አባቴም እንደዚያው ነው፤ ሲቀመጥም ሲቆምም ሲቆጣም ቀጥ። አጎቴን ግን "እጀ ወርቅ" ይሉታል። እንግዲህ አስቡት። አንዱ ወርቅ፣ አንዱ የብረት እንጥልጥል።

ቅናቱ የጀመረው ቲያትር ቤቱ ሳይታሰብ ነው። እኔ ስወለድ አጎቴ የሕፃን አልጋ ሠርቶ አመጣ። ጎረቤት ሁሉ አልጋውን ሊያይ ቤታችን ጎረፈ፤ ሴቶቹ ዳር ዳሩን በጣታቸው እየዳሰሱ "እጁን ይባርከው" ይላሉ። አልጋው የገባበትን ቤት ግን ከመሠረቱ እስከ ጉልላቱ የሠራው አባቴ ነው፤ ያን ዕለት አንድም ሰው ግድግዳውን ቀና ብሎ አላየም። አባቴ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። እንደ ማሽላ ነው፤ እያረረ ይስቃል። "ግድግዳ እኮ እስካልወደቀ ድረስ የሚያየው የለም" የሚለውን ቃል ያን ዕለት ነው ያወጣው ብላ እናቴ ትነግረኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን ደጋገመው።

የቲያትር ቤቱ ሥራ ሲጀመር ባለወፍጮዋ አንድ ደንብ አወጣች። በድንጋይ ላይ ስም መጻፍ አልወድም፤ ስም የሙታን ነው፤ ይልቅ ቤቱን የሠራ ባለሙያ ሁሉ እስከ ዕድሜው መጨረሻ የራሱ ወንበር ይኑረው አለች። እያንዳንዱ ወንበሩን የሚፈልግበት ቦታ ካስማ ይትከል፤ የተተከለ ካስማ አይነቀልም። አጎቴ ካስማውን ገና ባልተሠራው ሰገነት ሥር መሬት ላይ ተክሎ "ከዚህ በላይ" አለና በጣቱ ወደ ሰማይ አሳየ። ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ግድግዳው ያኔ ከወገብ አላለፈም ነበር። አባቴ በቀኝ በኩል ከግድግዳው ሥር ተከለ፤ እጁን ዘርግቶ የገዛ ድንጋዩን እየነካ ሊቀመጥ።

ክረምቱ ገባ። አጎቴ ግቢው ውስጥ ዳስ ጥሎ የሰገነቱን ፊት ይፈለፍላል፤ ሕዝቡ ከሥራ ሲወጣ እሱን ሊያይ ይሰበሰባል። ከመሮው ሥር ቅጠሉ ሲወጣ፣ ሐረጉ ሲጠመዘዝ፣ ልጅ አዋቂው አፉን ከፍቶ ይቆማል። አባቴ ከላይ፣ ከእንጨት ርብራቡ ላይ ሆኖ የሚያየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። እንደዚያ ነው የቀኙን ግድግዳ አንድ ሳምንት ሙሉ በዝናብ የገነባው። ረዳቶቹ ኖራው ይድረቅ፣ ሰማዩ ይግለጥ ቢሉት አልሰማም፤ ግድግዳው ቶሎ ከፍ ብሎ ሰው ቀና ብሎ እንዲያየው ነበር ምኞቱ። ይህን ያኔ ማንም አላወቀም። የእሱ ነገር ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ሰገነቱን የሚሸከመው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚዘረጋ አንድ ትልቅ ግንድ ነው። አባቴ በግራም በቀኝም ግድግዳው ላይ የግንዱን ጫፍ የሚቀበል ጎድጓዳ ቦታ ተወለት፤ አጎቴና ሰዎቹ ግንዱን በገመድ ሳቡና አስገቡት። በስምምነታቸው ምሰሶ የሚባል ነገር አልነበረም። አባቴም በየሄደበት "የእጀ ወርቅ ሰገነት የተቀመጠው በእኔ ትከሻ ላይ ነው" ማለት ጀመረ። እውነቱን ነበር፤ ቢያንስ እውነት መስሎት ነበር።

ቀጥሎ ለፊተኛው በር ቅስት የሚሆን ድንጋይ ሊያስፈልጥ ወደ ካባው ወረደ። ሰንብቶ ሲመለስ፣ በቀኝ በኩል፣ ከግድግዳው ፈንጠር ብሎ፣ አንድ ምሰሶ ቆሟል። ከታች እስከ ላይ ሐረግ ተፈልፍሎበታል። የግንዱና የግድግዳው መገናኛም ዙሪያውን ተለስኗል። ግራውን አየ፤ ምንም የለም። ካስማውን ፈለገ፤ ከመላጊያ ፍቅፋቂ ክምር ሥር አገኘው። ከምሰሶው ጀርባ፣ ትክክል።

አጎቴን ምንድነው ይሄ ሲለው፣ "ለጌጥ ነው ጋሼ" አለው።

"እኔ ዓይን ላይ ነው ጌጡ?"

አጎቴ ያኔ ነው ካስማውን ያየው፤ ደነገጠ። ወንበሩን ወዲያ ላድርግልህ ብሎ ለመነው። አባቴ ግን ድንጋጤውን እንደ ፌዝ ቆጠረው። የተተከለ ካስማ አይነቀልም፣ ደንቡ ነው አለና ወጣ።

መክፈቻው ዕለት እናቴ አዲስ ልብስ ለብሳ ከአባቴ አጠገብ በግራ በኩል ተቀመጠች። ሕዝቡ ገባ፣ አንገቱን አቀና፣ "ወይ ሰገነት" አለ። ባለወፍጮዋ አጎቴን ከላይ አስቆማ አስጨበጨበችለት። ከዚያ አባቴንም አስነሣችው፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት፤ ግን ከምሰሶው ጀርባ ስለነበር ብዙው ሰው ለማን እንደሚያጨበጭብ አላየም። እናቴ እንደምትለው የአባቴ ጆሮ እስከ ማታ ድረስ ቀይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጆቼ፣ አባቴ የቲያትርን ግማሽ ብቻ እያየ ኖረ። ምሰሶው የመድረኩን ቀኝ ጠቅልሎ ይጋርደዋል። ዙፋን የሚቀመጠው ደግሞ ሁልጊዜ በቀኝ ነው። ንጉሥ የሚባለውን ሁሉ በድምፁ እንጂ በመልኩ አያውቀውም። ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ቢል ያያል፤ ግን ቱምቢ ዘንበል ይላል? እናቴ ናት በሹክሹክታ የምትነግረው። "አሁን ገባች... ደብዳቤውን ከኋላዋ ደበቀችው... እሱ አላያትም... ውይ፣ አያት።" አባቴ ግድግዳውን በእጁ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ያዳምጣል። ለቅሶው ላይ ከሰው እኩል ያለቅሳል፤ ሳቁ ላይ ግን እናቴ ነግራው እስኪጨርስ ትንሽ ይዘገያል። ሕዝቡ ስቆ ሲያበቃ ከምሰሶው ጀርባ አንድ ወፍራም ሳቅ ለብቻው ይመጣል። ተዋንያኑ ሳይቀሩ ለምደው ይጠብቁት ነበር።

እሁድ ከሰዓት ቲያትር ታይቶ ምሽት ሁላችንም እኛ ቤት እንሰበሰባለን፤ አጎቴም ይመጣል፤ እህቱ ቤት ነው፣ የት ይሄዳል። አባቴ ስለ ተውኔቱ ሲናገር አጎቴ ሰምቶ ዝም ይላል። አንድ ቀን ግን አባቴ ያችን ሙሉውን ጨዋታ በቀኝ ጥግ ቆማ ያሳለፈችውን የተውኔቱን ምራት ጨርሶ የለችም ብሎ ተከራከረ። እናቴ የዚያን ዕለት ጉንፋን ይዟት ድምፅ አልነበራትምና አልነገረችውም።

"ጋሼ፣ ወንበርህን እኮ እኔ ላዛውርልህ እችላለሁ" አለ አጎቴ፣ ቀስ ብሎ።

"አንተ ከላይ ሆነህ ሁሉን ታያለህ" አለው አባቴ። "ለእኔ ግማሹ ይበቃኛል። ያንተ ሰገነት የቆመው እኔ ግድግዳ ላይ መሆኑን ብቻ አትርሳ።"

አጎቴ "አልረሳም" አለ። እናቴ እቃ ታጥብ ስለነበር እጇን እያደራረቀች ሁለቱንም አየቻቸው፤ እንደሷ በባልና በወንድም መካከል የምትቆም ሴት ምሰሶ ናት እሷም።

ዘመኑ እንዲህ ሄደ። ባለወፍጮዋ ሞተች፣ በክብር፣ ሳታስነጥስ። ቤቱ አንዴ ስብሰባ ተካሄደበት፣ አንዴ እህል ተከማቸበት፣ ኋላም ፊልም ታየበት፤ ደግሞ ወደ ቲያትሩ ተመለሰ። የአባቴ ወንበር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ቅናቱም እንደዚያው።

ከዚያ እናቴ ሞተች።

ከሐዘኑ በኋላ አባቴ የመጀመሪያዋን እሁድ ቲያትር ሄደ። እኔ ያኔ ትልቅ ሴት ነኝ፤ አብሬህ ልሂድ ብለው እምቢ አለ። ሲመለስ ምን አየህ አልኩት። "አንዲት ልጅ በግራ በኩል ቆማ ስታወራ ነበር" አለኝ። "ከማን ጋር እንደምታወራ አላውቅም።" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያቺ ሹክሹክታ ስትጠፋ የዓለሙ ግማሽ ጠፋበት። ወዲያውም ቅናቱ ወደ ቁጣ ዞረ። "ያ ሰው" ይላል፣ ስሙን አይጠራም፣ "ዕድሜ ልኬን ግማሽ ሰው አደረገኝ።"

በዚያው ሰሞን ቤቱ ይታደስ ተብሎ አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጣች። አባቴ ምርኩዙን ይዞ ሄደ። ይህ ምሰሶ ለጌጥ የቆመ ነው፣ ሠሪው ራሱ ለጌጥ ነው ብሏል፣ ይነሣልኝ አላት። ትሑት ልጅ ናት፤ ሰማችው። ከዚያ "አባባ፣ ግንዱ ምን ላይ እንደተኛ በዓይኔ ሳላይ አልነካውም፤ መገናኛው ይከፈትና እንይ" አለች። አባቴ ደስ አለው። እንዲያውም የእኔን ግድግዳ ሌላ ሰው አይፈለፍለውም፣ ራሴ እከፍተዋለሁ አለ።

ወሬው አጎቴ ጋ ደረሰ። ጉልበቱ ታሞ ነበር፤ ከቤቱ እስከዚያ እንዴት እንደመጣ አላውቅም። እኔ ለአባቴ ምሳ ይዤ ስደርስ አባቴ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ልስኑን በመዶሻና በመሮ ይቀረፍፋል፤ መሐንዲሷ መሰላሉን ይዛለታለች፤ አጎቴ ደግሞ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሞ ይለምነዋል።

"ጋሼ ተወው። ስለ እህቴ ብለህ ተወው። ምሰሶው ይቆይ።"

"አሁንማ ላንተም አልጣመህም" አለ አባቴ ሳይዞር። "ምኑን ፈራህ? ሰገነትህ እኔ ትከሻ ላይ ነው ያለው፤ አይወድቅም።"

አጎቴ ቢናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገረም፤ እጁን ምሰሶው ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ልስኑ ተቀረፈፈ። አባቴ አቧራውን እፍ አለና እጁን ከግንዱ ጫፍ ሥር አስገባ። እጁ ገባ። ልጆቼ፣ ግንድ በግድግዳ ላይ ከተኛ እጅ አይገባም፣ ወረቀትም አይገባም። የአባቴ እጅ ግን እስከ አንጓው ገባ። ግንዱን የሚሸከመው ድንጋይ ከሥሩ ወርዶ፣ ተሰንጥቆ፣ ወደ ውስጥ ተቀምጧል። የግንዱ ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ይህ ግድግዳ በዚያ ሁሉ ዘመን ሰገነቱን ተሸክሞት አያውቅም።

አባቴ ጣቱን በድንጋዮቹ መካከል ሰደደና ኖራ ቆንጥሮ አወጣ። በጣቱ ሲያሸው ፈረሰ። እንደ ዱቄት።

"ምን አለ አባባ?" አለች መሐንዲሷ ከታች።

አጎቴን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል። አባቴ የፈለገውን ሊል ይችል ነበር። ከተማው ሁሉ ዕድሜ ልኩን የሰማው "በእኔ ትከሻ" የሚለውን ነው፤ ከላይ ያለውን የሚያይ ደግሞ ለጊዜው እሱ ብቻ ነው።

"በዝናብ የገነባሁት ነው" አለ አባቴ። "ኖራው አልያዘም። ግድግዳዬ አልተሸከመውም ልጄ፤ የተሸከመው ምሰሶው ነው። እንዳትነኩት።"

መሐንዲሷም ወጥታ አየች። ድንጋዩ ተነሥቶ በደንብ ይሞላል፤ ምሰሶው ግን እንዳለ ይቆያል አለች። እኔ ያመጣሁትን ምሳ ማንም አልነካውም።

አባቴ ወርዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አጎቴ አጠገቡ ቆመ። ለምን አልነገርከኝም አለው አባቴ።

"ድንጋዩ ሲሰነጠቅ አንተ ካባው ጋ ነበርክ፤ ብነግርህ ግድግዳውን እስከ መሠረቱ ታፈርሰው ነበር፤ ሕዝቡ ቆሞ እያየህ" አለ አጎቴ። "ለእህቴ አሰብኩ። ላንተም። ሐረጉን የፈለፈልኩበት ሰው ጌጡን እያየ ምክንያቱን እንዳይጠይቅ ነው። ካስማህን ግን እውነቴን ነው፣ ፍቅፋቂው ሸፍኖት አላየሁትም።"

"እሷ ታውቅ ነበር?"

"አልነገርኳትም። ግን እህቴ ናት፤ ምን ይሰወራታል።"

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ክንዴን ይዞ ይሄዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ጎበጥ ብሏል። እውነቱን ተናግሮ ልቡ የቀለለው መስሎኝ ነበር። መንገዱ መሃል ላይ ቆመ።

"በእጁ ሲበልጠኝ ቻልኩት" አለኝ። "አሁን ደግሞ በደግነቱም ይብለጠኝ? ዕድሜ ልኩን ዝም ብሎ! እኔ አንድ ቀን ዝም ማለት ያቃተኝ ሰውዬ!"

ሳቄ መጣ፤ ግን ፊቱን አይቼ ዋጥኩት። ቅናቱ ከልቡ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በደግነት ካልበለጥኩት ብሎ ተነሣ፤ ከድሮው ጠብ የባሰ ሆነ። አጎቴን ጉልበቱ ሰገነቱ ላይ መውጣት ከልክሎት ነበርና፣ አባቴ በእናቴ ወንበር ላይ አስቀመጠው። በሩ ላይ አንተ ቅደም፣ አይሆንም አንተ ቅደም እየተባባሉ ከኋላቸው ያለውን ሰው ሁሉ ያስቆማሉ። አባቴ ለራሱ የያዘውን ትራስ ለአጎቴ ይሰጠዋል፤ አጎቴ ይመልስለታል፤ በመጨረሻ ትራሱ በሁለቱ መካከል ሳይቀመጥበት ይቀራል። መብራቱ ሲጠፋ ግን አጎቴ ወደ አባቴ ጆሮ ጠጋ ይላል። "ንጉሡ ተነሣ ጋሼ... ሰይፉን ፈለገ... አጣው።" አባቴ ይሰማል። ከዚያ ጨዋታው አልቆ ስንወጣ፣ እሷ ትሻል ነበር፣ አንተ ግማሹን ትዘለዋለህ፣ ጥሩ ጥሩውን ለራስህ አስቀርተህ ነው ይለዋል። አጎቴም ያኔ ይስቃል።

ሁለቱም አሁን የሉም። መጀመሪያ የሄደው አጎቴ ነው፤ አባቴ ቀብሩ ላይ አልቅሶ አልቅሶ ሲያበቃ "እዚህም ቀደመኝ" አለ።

ምሰሶው ግን አለ። ወንበሮቹም አሉ፤ እንጨታቸው ተቀይሯል፣ ቦታቸው አልተቀየረም። እንግዲህ አደራዬ ትንሽ ናት። ዕጣ ፈንታችሁ ሆኖ ቲኬታችሁ ከምሰሶው ጀርባ ቢጥላችሁ አትቆጡ። ሐረጉን በእጃችሁ አንዴ ዳሰስ አድርጉት። አጠገባችሁ ያለው ሰው ሳይጠይቃችሁ የተጋረደውን ብትነግሩት ደግሞ፣ እናቴንም አጎቴንም አስታወሳችሁልኝ ማለት ነው። አባቴንም አትርሱት፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሳቅ ከሰማችሁ እሱን አስቡልኝ።